ሺምፔርና የኛው ግላዲዮለስ

ከእረፍት ወደ ግቢ ስመለስ ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ፈታሹ ሻንጣዬን ከፈተና በአሮጌ ጋዜጣ መሀል የተጫኑ የደረቁ ተክሎች አገኘ። ሣር ተሸክሜ ለምን አውሮፕላን እንደምሳፈር ጠየቀኝ። የትምህርት ሥራ ነው ስለው ሳቅ ብሎ አሳለፈኝ። ውድ አንባቢያን፣ ያኔ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ሳስበው የነበረው ሰው ዊልሄልም ሺምፔር ነው። እሱም እንዲሁ በወረቀት መሀል የደረቀ ሣር ሲያስጭን የኖረ ሰው ነው፤ ልዩነቱ የሱ በበቅሎ ወደ ምፅዋ መውረዱ ነው።

ነገሩ የጀመረው በቱሊፕ ነው። ለመመረቂያ ጥናቴ ያሰብኩት ለእቅፍ አበባ የሚሆኑ ያልተለመዱ የቱሊፕ ዓይነቶችን ማልማት ነበር፤ ጠርዛቸው የተዘነጣጠለ፣ ድርብ የሆኑ፣ የተዥጎረጎሩ አሉ። ከጓደኛዬ ያገኘኋቸውን አምስት ስሮች እናቴ ጓሮ ተከልኩ። ቱሊፕ ግን ለማበብ ስሩ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ብርድ ማግኘት አለበት። ጋምቤላ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ በበጋ ሙቀቷ ከ35 ዲግሪ የሚያልፍ ከተማ ናት። ሁለቱ ቅጠል አወጡ፣ ሦስቱ በሰበሱ። እናቴ ሽንኩርት ብተክል ይሻል እንደነበር ነግራኝ ዝም አለች። ሙቀት የሚችል ሌላ ባለ ድቡልቡል ስር አበባ ስፈልግ ነው እንግዲህ ሺምፔር ጋ የደረስኩት።

ሺምፔር በ1804 ጀርመን አገር ተወለደ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ወንድሙ ካርል ፍሪድሪሽ ስመ ጥር የተፈጥሮ ተመራማሪ ነበር። እሱ ግን ወታደርነትን ሞክሮ፣ በኋላ አልጄሪያን፣ ግብፅንና ሲናን ዞሮ በ1837 አድዋ ገባ። የላከው ኤስሊንገን ከተማ የነበረው የዕፅዋት ሰብሳቢዎች ማኅበር ነው። አባላቱ ገንዘብ ያዋጣሉ፣ እሱ ናሙና ይልካል፣ ናሙናው ይከፋፈላል። ማኅበሩ በ1840ዎቹ ሲፈርስ ግን ሰውየው ወደ አገሩ አልተመለሰም። የአገር ልጅ አግብቶ ቀረ። ደጃዝማች ውቤም እንትጮን እንዲያስተዳድር ሾሙት። አስቡት እንግዲህ፣ ቅጠል ሊለቅም የመጣ ሰው አገር ገዢ ሆነ!

ሹመቱ ግን አልቆየም። በ1855 ካሳ ደረስጌ ላይ ውቤን ድል አድርገው ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡ የሺምፔርም ግዛት አብሮ ሄደ። በመጨረሻም ንጉሡ ከያዟቸው አውሮፓውያን አንዱ ሆነና በ1868 እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ ነፃ ወጣ። ያኔ ዕድሜው ከስልሳ አልፏል። ብዙዎቹ ወደ አውሮፓ ሲሄዱ እሱ ወደ አድዋ ተመለሰና በ1878 እዚያው ሞተ። እኔን ከሁሉ በላይ የገረመኝ ይሄ ነው።

ስሙን ሳናውቀው እንበላዋለን። ጦስኝ በሳይንስ ስሙ ታይመስ ሺምፔሪ ነው። መረንዝም አኮካንቴራ ሺምፔሪ ይባላል። እኔ የፈለግኩት አበባ ግን የሱን ስም አልያዘም። ሺምፔር ከላከው ናሙና ተነስቶ ሆክስቴተር በ1844 አሲዳንቴራ ባይከለር አለው። ነጭ ነው፣ መሀሉ ጥቁር ወይን ጠጅ፣ አንገቱ ረጅም፣ ማታ ማታ የሚሸት፤ የአበባ ዱቄቱን የሚያመላልሱለት ረጅም ምላስ ያላቸው የሌሊት የእሳት ራቶች ናቸው። ዛሬ ግላዲዮለስ ሙሪየሌ ይባላል፤ በ1932 የወጣ ስም ነው። ሙሪየል ኧርስኪን ባሏ ተክሉን ከኢትዮጵያ ያገኘ እንግሊዛዊት ናት። የፈረንጅ አትክልተኞች ስሩን በፀደይ ይተክሉታል፣ ውርጭ ሳይመጣ ነቅለው ቤት ያስገቡታል፣ የመጀመሪያዋ እምቡጥ ልትፈነዳ ስትል ቆርጠው ለእቅፍ ያደርጉታል። ቱሊፕ ብርድ ሲለምን ይኼኛው ብርድ ይፈራል።

ሺምፔርን ጻድቅ ላደርገው አልፈልግም። አበባው የት ተረተር ላይ እንደሚገኝ ያሳዩት እረኞች፣ ጭነቱን የነዱት ሰዎች ስማቸው በሳይንሱ መጽሐፍ የለም። የሙሪየል አለ።

አማካሪዬ ርዕሴን እንድቀይር ፈቅደውልኛል። አሁን የጎደለኝ ስሩ ነው። አዲስ አበባ ላይ ስጠይቅ ከሆላንድ ማስመጣት እንደሚቀል ነው የተነገረኝ።