ከእርሳስ ያልተለየው ራዲየም፤ የጆርጅ ደ ሄቬሺ ሕይወትና ሥራ

ጆርጅ ደ ሄቬሺ በ1885 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በቡዳፔስት ተወለዱ። በ1911 ዓ.ም. ወደ ማንቸስተር በሄዱ ጊዜ ታላቁ የፊዚክስ ሊቅ ኧርነስት ራዘርፎርድ አንድ ከባድ ሥራ ሰጧቸው፤ ይኸውም ራዲየም ዲ የተባለውን ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር፣ ጨረሩን ከሚውጠው ብዙ እርሳስ ለይቶ ማውጣት ነበር። ሄቬሺ ሁለት ዓመት ያህል የሚያውቁትን ዘዴ ሁሉ ቢሞክሩም አልተሳካላቸውም። ራዲየም ዲ ራሱ የእርሳስ አይሶቶፕ በመሆኑ በኬሚካዊ ጠባዩ ከተራው እርሳስ አይለይምና።

ሄቬሺ ግን ከዚሁ ችግር አዲስ ዘዴ አፈለቁ። ሁለቱ የማይለያዩ ከሆነ፣ ከእርሳስ ጋር የተቀላቀለ ጥቂት ራዲየም ዲ እርሳሱ በሄደበት ሁሉ ይሄዳል፤ ጨረሩም ስለሚለካ የእርሳሱን መጠን ያሳውቃል። በ1913 ዓ.ም. በቪየና ከፍሪድሪክ ፓኔት ጋር በመሆን፣ በውሃ ውስጥ እጅግ በጥቂቱ የሚሟሙትን የእርሳስ ሰልፋይድንና የእርሳስ ክሮሜትን ሟሚነት በዚህ መንገድ ለኩ።

በ1923 ዓ.ም. በኮፐንሃገን የባቄላ ተክል እርሳስን እንዴት እንደሚወስድ ተከታተሉ። በ1935 ዓ.ም. አጥንት ዘወትር የሚታደስ መሆኑን በፎስፎረስ 32 አማካይነት በአይጦች ላይ አሳዩ። በ1936 ዓ.ም. ደግሞ ከሂልደ ሌቪ ጋር፣ ናሙናን በኒውትሮን መትቶ በውስጡ ያለውን ንጥረ ነገር ከሚያወጣው ጨረር የማወቅን ዘዴ መሠረቱ።

በናዚዎች ምክንያት በ1934 ዓ.ም. ከጀርመን ወጡ፤ በ1943 ዓ.ም. ከዴንማርክ ወደ ስዊድን ተሰደዱ። የዚያው ዓመት የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት የተሰጣቸው፣ በማንቸስተር ካልተሳካው ሙከራ ለተወለደው ዘዴ ነው። በ1966 ዓ.ም. በፍራይቡርግ አረፉ።