ስለ ገሃነም እሳት የጠየቀው ሊቅ፤ አርጌንስ

ስለ ፍርድ ቀን ትምህርት ሲሰጥ ከመካከላችን አንዱ እጁን አንሥቶ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። ሰው ስድሳ ሰባ ዓመት ኖሮ ለሠራው ኃጢአት ፍጻሜ የሌለው ቅጣት ቢቀበል ይህ ከእግዚአብሔር ፍትሕ ጋር እንዴት ይስማማል? ጠያቂው አንዳንድ ጊዜ ይገሠጻል። ነገር ግን ይህንኑ ጉዳይ ከ1,800 ዓመት ገደማ በፊት በእስክንድርያ አንድ ታላቅ መምህር በመጽሐፍ አስፍሮታል። ስሙ አርጌንስ ነው፤ ኦሪገን ብለው የሚጽፉትም አሉ። (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አርጌንስ የተወለደው በ185 ገደማ ነው። አባቱ ሌዎኒዲስ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ቅዱሳት መጻሕፍትን በቃሉ ያስጠናው ነበር። በ202 ገደማ በንጉሥ ሴቬሩስ ዘመን ስደት ተነሥቶ አባቱ ታሰረ። ልጁ ገና አሥራ ሰባት ዓመት አልሞላውም፤ ከአባቱ ጋር ለመሞት ቢነሣ እናቱ ልብሱን ደበቀችበትና መውጣት አልቻለም። ቢሆንም አባቱ ስለ ቤተ ሰቡ ሲል እምነቱን እንዳይለውጥ ደብዳቤ ጻፈለት። አባቱ በሰይፍ ተቀላ፤ ንብረታቸው ተወረሰ፤ እናቱና ስድስት ታናናሽ ወንድሞቹ በእርሱ ትከሻ ላይ ወደቁ።

በአሥራ ስምንት ዓመቱ የእስክንድርያ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ። ከደቀ መዛሙርቱ ለሞት የሚወሰዱትን እስከ መገደያው ቦታ ድረስ ይሸኝ ነበር። ጫማ አያደርግም፤ የሚተኛውም በመሬት ላይ ነው። ገሃነምን አቃለለ የሚባለው ሰው ለራሱ ሥጋ ያልራራ፣ ግፍንም በወሬ ሳይሆን በቤቱ ያየ እንደ ነበረ ልብ እንበል።

በዚያን ጊዜ የመርቅያን ተከታዮች የብሉይ ኪዳን አምላክ ፈራጅ እንጂ ቸር አይደለም እያሉ አንዱን አምላክ ለሁለት ይከፍሉ ነበር። አርጌንስ በግሪክኛ ፔሪ አርኮን በተባለው መጽሐፉ ፍትሕና ቸርነት አንድ ናቸው ሲል መለሰ። እንግዲያውስ የእግዚአብሔር ቅጣት ያለ ዓላማ ሊሆን አይችልም። እሳቱን የሚያነድደው ኃጢአተኛው ራሱ ነው፤ ማገዶውም የገዛ ኃጢአቱ ነው፤ ሐኪም ቁስልን በእሳት እንደሚተኩስ እግዚአብሔርም የሚቀጣው ለማዳን ነው። ለዚህም የ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 3ንና 15ን ይጠቅስ ነበር። የማይቆጠር ዘመን ቢፈጅም ፍጥረት ሁሉ ወደ ፈጣሪው ይመለሳል ብሎ ተስፋ አደረገ። ይህን ያቀረበው በፍርሃትና በጥንቃቄ፣ እንደ ምርመራ እንጂ እንደ ቁርጥ ሃይማኖት አልነበረም። በኋላ ለኬልሶስ በጻፈው መልስም ለብዙው ሕዝብ ቅጣት መኖሩን ማወቅ እንደሚበቃው፣ ከዚያ አልፎ መጻፍ አደገኛ መሆኑን ገልጧል። (ኃጢአተኞች በመጨረሻ ፈጽመው ይጠፋሉ የሚለው ሌላ አሳብ የመጣው ዘግይቶ፣ በ300 ገደማ ከሰሜን አፍሪካዊው ከአርኖቢዮስ ነው።)

በ231 ገደማ የእስክንድርያው ጳጳስ ድሜጥሮስ ከከተማው አባረረው። ይህ በባሕረ ሐሳብ የምናውቀው ድሜጥሮስ ነው። የጠባቸው ዋና ምክንያት አርጌንስ ያለ ጳጳሱ ፈቃድ በቂሳርያ ቅስና መቀበሉ ነበር። ሰይጣን ይድናል ብሏል የሚል ክስም ሲነሣበት ለእስክንድርያ ወዳጆቹ ደብዳቤ ጽፎ ክሱን በብርቱ ካደ። ከዚያ በኋላ በቂሳርያ ሲያስተምር፣ በኋላ ገባሬ ተአምራት የተባለው ጎርጎርዮስ ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ ነበረ።

በ250 ዳኬዎስ ክርስቲያኖችን ሲያሳድድ አርጌንስ ሽማግሌ ነበረ። በአንገቱ ብረት አጠለቁበት፤ እግሮቹን በግንድ ውስጥ አስገብተው ለብዙ ቀን ወጠሩት፤ በእሳት እናቃጥልሃለን እያሉም አስፈራሩት። አልካደም። ዳኬዎስ ሞቶ ስደቱ ሲበርድ ተፈታ፤ ግን ሰውነቱ ደክሞ ነበርና በ254 ገደማ ዐረፈ።

ክርክሩ ግን አላረፈም። ሁሉም በመጨረሻ እኩል ከሆነ ቅዱስ ገብርኤልንና ዲያብሎስን ምን ይለያቸዋል? ጀሮምን የመሰሉ ሊቃውንት ያነሡት ይህ ነው፤ በእኔ አስተያየት ቀላል መልስ የለውም፤ ለሰማዕቱ ልጅም ቢሆን ቀላል አልነበረም። በ400 የእስክንድርያው ቴዎፍሎስ አወገዘው። በ543 ንጉሥ ዮስጢንያኖስ፣ በ553 ደግሞ የቁስጥንጥንያ ጉባኤ አወገዙት፤ ይህ ጉባኤ ቤተ ክርስቲያናችን ከምትቀበላቸው ከሦስቱ ውጭ ነው። ከመጻሕፍቱ ብዙዎቹ ጠፉ፤ ፔሪ አርኮንን በአብዛኛው የምናገኘው ሩፊኖስ በ398 ገደማ አስተካክሎ ወደ ላቲን በመለሰው ነው።

አንድ ነገር ግን ይገርመኛል። የባስልዮስ ወንድም ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ በ4ኛው መቶ ዓመት ከዚህ ጋር በጣም የሚቀራረብ ተስፋ ጽፏል፤ ሆኖም አልተወገዘም፤ በስሙም የሚጠራ ቅዳሴ አለን። ለምን እንደ ሆነ መምህሮቻችንን በሚቀጥለው እሑድ ብንጠይቅ መልካም ነው።