ፍሪትዝ ዝዊኪ፣ የማይታየውን የመዘነው ሰው

ዛሬ በታላላቅ ሰዎች አምዳችን ይዘንላችሁ የቀረብነው የሳይንቲስት ፍሪትዝ ዝዊኪን ታሪክ ነው። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዝዊኪ በ1898 በቡልጋሪያ አገር ቫርና በምትባል የወደብ ከተማ ተወለደ። አባቱ ስዊዘርላንዳዊ ነጋዴ ነበር። ልጁም ንግድ እንዲማርለት ብሎ ገና በ6 ዓመቱ ስዊዘርላንድ ወደሚኖሩት አያቶቹ ላከው። እኛ ክፍልም ለትምህርት ብለው ከአያት ጋር የሚኖሩ ስላሉ ይሄ ለኛ አዲስ አይደለም። የተላከበት ቦታ ግላሩስ ይባላል፤ እንደኛ ሰሜን ተራራማ ነው። ተራራ መውጣትም ይወድ ነበር። ንግዱን ግን ትቶት ዙሪክ ላይ ሒሳብና ፊዚክስ ተማረ፤ በ1925 ወደ አሜሪካ ካሊፎርኒያ ሄደ።

በ1933 ኮማ የሚባለውን የጋላክሲዎች መንጋ ሲያጠና ግራ የሚያጋባ ነገር አገኘ። ጋላክሲዎቹ ከመጠን በላይ ይፈጥናሉ። ወንጭፍ ያዞረ ሰው ያውቀዋል፤ ድንጋዩ በጣም ሲፈጥን ገመዱ ጠንካራ ካልሆነ ይበጠሳል። የሚታዩት ኮከቦች ስበት ደግሞ ያን ሁሉ ፍጥነት ሊይዝ አይችልም። መንጋው ድሮ መበተን ነበረበት፤ ግን አልተበተነም! ስለዚህ የማይታይ ሌላ ነገር ይዞታል አለና ጨለማ ቁስ ብሎ ጠራው።

ማን ይስማው? ብዙዎቹ ችላ አሉት። እውነት ለመናገር ስሌቱ የተጋነነ ነበር፤ ጸባዩም አስቸጋሪ ስለነበር ከሥራ ጓደኞቹ ጋር ይጣላል። ያው ሰው ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቤተ መጻሕፍታቸው ለወደመባቸው አገሮች መጽሐፍ እየሰበሰበ ይልክ ነበር። እኔን በጣም የገረመኝ ይሄ ነው።

ዝዊኪ በ1974 አረፈ፤ በኛ የካቲት 1966፣ አገራችን ውስጥ አብዮቱ በፈነዳበት ወር ማለት ነው። በነዚያው ዓመታት ቬራ ሩቢን የምትባል ሳይንቲስት የጋላክሲዎችን አዟዟር ስትለካ ያው ጉድለት መጣባት። ሰው በደንብ ማመን የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። አሁን ጨለማ ቁስ ከሚታየው ቁስ 5 እጥፍ ያህል እንደሚበልጥ ይነገራል።

ምንነቱ ግን አልታወቀም። በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ሰርን የሚባል የምርምር ተቋም አለ። እዚያ ከመሬት በታች፣ ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር በሆነ ዋሻ ውስጥ፣ ፕሮቶኖችን ወደ ብርሃን ፍጥነት አስጠግተው ያጋጫሉ። ከግጭቱ ጨለማ ቁስ ቢወጣ መሣሪያው አያየውም። ታዲያ በምን ያውቁታል? በጎደለው ነዋ! በአንድ ጎን ብዙ ቅንጣት ተፈናጥሮ በሌላው ጎን የሚመጥነው ካልታየ፣ ሚዛኑ አልገጠመም፤ የሆነ ነገር ሳይታይ አምልጧል። ዝዊኪም ያደረገው ይህንኑ ነበር እኮ። ችግሩ ኒውትሪኖ የሚባል የታወቀ ቅንጣትም እንዲሁ ስለሚያመልጥ ሁለቱን መለየት ከባድ ነው። መሣሪያው ከ2008 ጀምሮ ቢሠራም ጨለማ ቁስን እስካሁን አላገኘም።

የዝዊኪ መቃብር ያለው እዚያው ስዊዘርላንድ፣ ባደገበት በግላሩስ ነው።