ድሜጥሮስና 194313 ቀኖች

እኛ በአንገር ጉቲን ፋሲካ መቼ እንደሚውል ለማወቅ በግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ ማየት ይበቃናል። ይህን ቀን አስልቶ ለማግኘት ግን ብዙ ተደክሟል። እኔም ሒሳብ ስለምወድ፥ ስሙ ከዚህ ስሌት ጋር የሚነሣውን የድሜጥሮስን ታሪክ ባጭሩ ላቀርብላችሁ ወደድሁ።

ድሜጥሮስ የእስክንድርያ ዐሥራ ሁለተኛው ሊቀ ጳጳሳት ነበር። በመንበሩ የቆየው በፈረንጆች አቆጣጠር ከ189 እስከ 232 ዓ.ም.፥ 43 ዓመት ነው። ትውፊት እንደሚነግረን አስቀድሞ ወይን የሚያለማ፥ ትምህርት ያልነበረው ገበሬ ነበር። በሹመቱ ዘመን ስመ ጥሩው ሊቅ ኦሪገን በዚያው ከተማ ያስተምር ነበር።

ድሜጥሮስ ዐቢይ ጾም ከሰኞ፥ ስቅለት ከዓርብ፥ ትንሣኤ ከእሑድ እንዳይወጡ ይመኝ ነበር። ስለዚህም 23 ሱባዔና 7 ሱባዔ ገባ ይባላል። ሱባዔ ሰባት ቀን ነው። 23 በ7 ሲባዛ 161 ይሆናል፤ በ30 ሲገደፍ 11 ይተርፋል፤ ይህ አበቅቴ ነው። 7 በ7 ሲባዛ 49 ይሆናል፤ በ30 ሲገደፍ 19 ይተርፋል፤ ይህ መጥቅዕ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 30 ናቸው። በየዓመቱ ቢለዋወጡም ድምራቸው አይለወጥም፤ በ2018 ዓ.ም. 12ና 18 ናቸው።

አሁን ወደ ትልቁ ቁጥር እንምጣ። አራት ዓመት 1461 ቀን ነው። ይህ ለሰባት ሲካፈል 5 ስለሚተርፍ፥ ዕለትና ቀን እንደገና የሚገጥሙት አራቱ ዓመት ሰባት ጊዜ ሲመላለስ፥ በ28 ዓመት ነው። ጨረቃ ደግሞ በ19 ዓመት ወደ ነበረችበት ትመለሳለች። 28ና 19 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው፥ ሁሉም አንድ ላይ የሚገጥሙት በ532 ዓመት ነው። ይህም ዐቢይ ቀመር ይባላል። በቀን ሲቈጠር 194313 ነው። ቁጥሩን ብንተነትነው 3፥ 7፥ 19ና 487 እናገኛለን። 7 የሳምንቱ፥ 19 የጨረቃ ነው፤ 3 በ487 ሲባዛ ደግሞ 1461፥ የአራቱ ዓመት ቀን ይሆናል።

የታሪክ ተመራማሪዎች የ532ቱን ዓመት ስሌት ያደራጀው በአምስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነበረው የእስክንድርያው መነኩሴ አንያኖስ ነው ይላሉ፤ የአገራችን ሊቃውንት ግን የባሕረ ሐሳብን መሠረት ለድሜጥሮስ ይሰጣሉ። የሰማይዋ ጨረቃም በየ19 ዓመቱ ከስሌቱ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ትቀድማለች። ቢሆንም በዚህ ስሌት ሰፊው አገር በአንድ ቀን ይጾማል፥ በአንድ ቀን ይፈስካል።

ያለንበት ዐሥራ አምስተኛው ዐቢይ ቀመር በ1949 ዓ.ም. ጀምሮ በ2480 ዓ.ም. ይፈጸማል። ከ1949 በፊት የተወለዱ አያቶቻችን ሁለት ቀመር አይተዋል፤ የዚህን መጨረሻ ግን ከእኛ ማንም አያይም።

ጓደኞቼ፥ ብዙዎቻችን የገበሬ ልጆች ነን። ሒሳብ የሌላ ሰው ዕጣ ነው ብሎ ደብተሩን የሚዘጋ ቢኖር፥ ይህን የወይን ገበሬ ያስብ እላለሁ።