ሐንስ ሽፔማንና የልብ መነሻ

የእንቁራሪት እንቁላል ከተዳቀለ በኋላ ተከፋፍሎ በሺህ የሚቆጠሩ ሕዋሳት ያስገኛል። እነዚህ ሕዋሳት በመጀመሪያ ሲታዩ እምብዛም ልዩነት የላቸውም። ሆኖም ጥቂት ቀናት ሳያልፉ ከፊሎቹ ነርቭ፣ ከፊሎቹ ቆዳ፣ ከፊሎቹም የሚመታ ልብ ይሆናሉ። ለመሆኑ ለእያንዳንዱ ሕዋስ ዕጣውን የሚወስንለት ምንድን ነው? ዕድሜውን ሙሉ ይህን ሲመረምር የኖረው ጀርመናዊው የሥነ እንስሳት ሊቅ ሐንስ ሽፔማን ነበር።

ሽፔማን እ.ኤ.አ. በ1869 በሽቱትጋርት ከተማ ከመጽሐፍ አሳታሚ ቤተሰብ ተወለደ። ከወታደራዊ አገልግሎትና ከመጽሐፍ ንግድ በኋላ በ1891 በሃይደልበርግ የሕክምና ትምህርት ጀመረ፤ ቆይቶም ወደ ሥነ እንስሳት አዘነበለ። በ1895 በቩርትስቡርግ በዝነኛው ቴዎዶር ቦቬሪ መሪነት የዶክትሬት ማዕረጉን ተቀበለ። በ1896 ክረምት የሳንባ ነቀርሳ አልጋ ላይ ቢያውለው፣ የአውጉስት ቫይስማንን መጽሐፍ ለማንበብ ጊዜ አገኘ። ቫይስማን፣ ሕዋሳት በተከፋፈሉ ቁጥር የዘር ውርሱም ተከፋፍሎ ይደርሳቸዋል፤ የየአንዳንዱ ዕጣም በዚሁ ይወሰናል ይል ነበር። ሽፔማን ይህን ሐሳብ በሙከራ ሊፈትነው ቆረጠ።

መሣሪያዎቹ ቀጫጭን የመስታወት መርፌዎችና ከሕፃን ልጁ ራስ የተወሰደ ፀጉር ነበሩ። በፀጉሩ የእንቁራሪት ዘመድ የሆነውን የሳላማንደር እንቁላል አስሮ ለሁለት ሲከፍለው፣ አንዳንድ ጊዜ ሁለት ሙሉ ሽሎች ተገኙ። በ1901 ደግሞ በአንድ የእንቁራሪት ዝርያ ላይ የዓይኑን መነሻ በጋለ መርፌ ቢያጠፋ፣ በላዩ ያለው ቆዳ ሌንስ ሳይሠራ ቀረ። የቆዳው ዕጣ በጎረቤቱ ላይ የተመሠረተ መሆኑ ታወቀ። በሌላ የእንቁራሪት ዝርያ ግን ሌንሱ ያለ ዓይኑ መነሻ ሲበቅል ተገኘ፤ ሽፔማንም ይህን ከግምት አስገብቶ ምርምሩን ቀጠለ።

ታላቁ ሙከራ የተካሄደው ፕሮፌሰር ሆኖ በሚያስተምርበት በፍራይቡርግ ነው። ተማሪው ሒልደ ማንጎልድ ከነጣ የሳላማንደር ሽል ትንሽ ቁራጭ ወስዳ በጠቆረ ሽል ሆድ በኩል ተከለች። በተተከለበት ሥፍራ ሁለተኛ አካል ከነነርቩ በቀለ። ቀለሙ ሲመረመር አብዛኛው ክፍል የተሠራው ከተቀባዩ ከራሱ ሕዋሳት ነበር። ቁራጩም “አደራጅ” ተባለ። ጥናቱ በ1924 በሁለቱም ስም ታተመ። የሒልደ የዶክትሬት ሥራ ቢሆንም፣ የሽፔማን ስም ቀድሞ ተጻፈ። በዚያው ዓመት ሒልደ በደረሰባት የቃጠሎ አደጋ በ25 ዓመቷ ሞተች። የ1935 የኖቤል ሽልማት ለሽፔማን ብቻ ተሰጠ።

ከዚያ በፊት በ1932 ሽፔማንና ባልደረቦቹ የሞተ አደራጅም ሥራውን እንደሚሠራ አሳይተው ነበር። ይህም መልእክቱ ኬሚካዊ መሆኑን አመለከተ። ነገር ግን ከሽል ጋር ምንም ዝምድና የሌላቸው ባዕድ ነገሮችም ተመሳሳይ ውጤት በማስገኘታቸው፣ ፍለጋው መንገዱን ሳተ። ሽፔማን በ1941 ሲሞት መልእክተኛው ንጥረ ነገር ገና አልተገኘም ነበር።

ግማሽ ምዕተ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ዜኖፐስ በተባለችው አፍሪካዊት እንቁራሪት ላይ በ1992 ኖጊን፣ በ1994 ኮርዲን የተባሉ ፕሮቲኖች ከአደራጁ ተገኙ። ሁለቱም የሚሠሩት ቢኤምፒ የተባለውን ሌላ መልእክት በመያዝና በማገድ ነው። የልብም ነገር ወደዚሁ ይጠጋል። ልብ የሚሆኑት ሕዋሳት በመጀመሪያ ከአደራጁ ግራና ቀኝ ይገኛሉ፤ በኋላም ወደ ሆድ በኩል ተጉዘው በመካከል በመገናኘት አንድ ቱቦ ይሠራሉ። በ1995 ታትሞ የወጣ ጥናት፣ ልብ እንዲጀመር አደራጁና ከሥሩ ያለው የውስጠኛው ሽፋን እንደሚያስፈልጉ አሳየ። በ2001 ደግሞ ዊንት የተባለውን መልእክት የሚያግዱት ዲክኮፕፍና ክሬሰንት የተባሉ ፕሮቲኖች ልብ የማይሆነውን የሽል ክፍል ልብ ወደ መሆን እንደሚመሩት ታወቀ።

እንግዲህ የልብ መነሻ በከፊል፣ ከልካይ መልእክት በጊዜውና በቦታው ሲታገድ የሚከፈት መንገድ ነው። ከልጅ ጋር የሚወለድ የልብ ጉድለት የሚመረምር ባለሙያ ዛሬም የሚጠይቀው የሽፔማንን ጥያቄ ነው፤ ይኸውም የትኛው ሕዋስ፣ መቼና ከየትኛው ጎረቤቱ መልእክቱን ተቀበለ የሚለው ነው። ያንን ጥያቄ ለሳይንስ ያቆየው የሽፔማን ትዕግሥትና የሒልደ ማንጎልድ እጅ ነበር።