ቤንጃሚን ታይለር ሄንሪ (1821–1898)፦ ጠመንጃው፣ ጥይቱና ዳግም የማይሞላው ቀልሃ

መግቢያ

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሜሪካ ስለ ተሠሩ ተደጋጋሚ ጠመንጃዎች ሲነሣ በአብዛኛው የሚወሳው የኦሊቨር ዊንችስተር ስም ነው። ዊንችስተር ግን በሸሚዝ ፋብሪካ የበለጸገ ነጋዴ እንጂ ጠመንጃ ሠሪ አልነበረም። ስሙ ለሚጠራበት መሣሪያ መሠረት የጣለው በፋብሪካው የሥራ ኃላፊ የነበረው ቤንጃሚን ታይለር ሄንሪ ነው። የሄንሪ ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚመዘነው በጠመንጃው የመተኮስ ፍጥነት ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የሄንሪን ሕይወት በመከተል ሁለት ነገሮችን ያሳያል። አንደኛው፣ ፍጥነቱን ያስገኘው ከብረቱ አሠራር ይልቅ ጥይቱ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ የዚያው ጥይት ጉድለት ዛሬ በአምሳያነት የሚሠራው የሄንሪ ጠመንጃ በሌላ ጥይት እንዲተኮስ ማስገደዱ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሙያ አጀማመር

ሄንሪ በ1821 በኒው ሃምፕሻየር ግዛት በክሌርሞንት ተወለደ። በወጣትነቱ የጠመንጃ ሥራን ከተለማመደ በኋላ በቨርሞንት ግዛት፣ በዊንዘር ከተማ ይገኝ በነበረው የሮቢንስና ሎውረንስ ፋብሪካ ተቀጠረ። በዚያ ፋብሪካ ዋልተር ሀንት የተባለ ፈልሳፊ የነደፈውን ተደጋጋሚ ጠመንጃ ለሥራ ለማብቃት ይሞከር ነበር። ሀንት በ1848 የፈጠራ መብት ያወጣበት ጥይት ቀልሃ አልነበረውም፤ የእርሳሱ አረር ከኋላው ተቦርቡሮ ባሩዱ በዚያ ጎድጓዳ ውስጥ ይሞላ ነበር። ሐሳቡ ብልህ ቢሆንም ሁለት ችግሮች ነበሩበት። በጎድጓዳው የሚገባው ባሩድ እጅግ ጥቂት በመሆኑ ምቱ ደካማ ነበር፤ ቀልሃ ባለመኖሩም ወደ ኋላ የሚያፈተልከውን ትኩስ ጋዝ የሚያግድ ነገር አልነበረም።

ሆራስ ስሚዝና ዳንኤል ዌሰን ይህንን ንድፍ በ1850ዎቹ አሻሽለው አቀረቡት፤ በ1855 የቮልካኒክ ኩባንያ ተቋቁሞ ምርቱን ቀጠለ። የጥይቱ ድክመት ግን አልተወገደም። ኩባንያው በ1857 መክሰሩን ተከትሎ ንብረቱን የያዘው ዊንችስተር በኮነቲከት ግዛት የኒው ሄቨን የጦር መሣሪያ ኩባንያን መሠረተ፤ ሄንሪንም የሥራው ኃላፊ አድርጎ ሾመው።

የሄንሪ ጥይት

ሄንሪ ችግሩን የፈታው ከጥይቱ በመጀመር ነው። ስሚዝና ዌሰን በ1857 ለትንሽ ሽጉጥ ያወጡት የብረት ቀልሃ ያለው ጥይት ነበራቸው። ሄንሪ ይህንኑ አሠራር ለጠመንጃ በሚበቃ መጠን አሳደገው። የእርሱ ጥይት 14 ግራም ያህል የሚመዝን የእርሳስ አረርና ከ1.6 ግራም በላይ የሆነ ጥቁር ባሩድ በመዳብ ቀልሃ ውስጥ ይይዝ ነበር። ባሩዱ ሲቃጠል የቀልሃው ግድግዳ ተለጥጦ ከጥይት መጉረሻው ጋር ይጣበቅና ጋዙን ያግዳል፤ ግፊቱ ሲበርድ ጥቂት ስለሚላቀቅ በቀላሉ ተስቦ ይወጣል። ሀንት ያጣው ይህንን ነበር።

ምቱን ተቀብሎ ባሩዱን የሚለኩሰው ቅመም የሚቀመጠው በቀልሃው ግርጌ ዙሪያ፣ በታጠፈው ጠርዝ ውስጥ ነው። ሄንሪ ጥይቱ እንዳይከሽፍ በማሰብ መምቻው ጠርዙን በሁለት በኩል በአንድ ጊዜ እንዲመታ አደረገ። ከጥይቱ ጋር የሚስማማውን የጠመንጃ አሠራር አጠናቆ በ1860 ጥቅምት የፈጠራ መብት አገኘ። በምላጩ ዙሪያ ያለው እጀታ ወደ ታች ተገፍቶ ሲመለስ ባዶው ቀልሃ ይወጣል፤ ከአፈሙዙ ሥር ካለው ቧንቧ አዲስ ጥይት ይጎርሳል፤ መምቻውም ለቀጣዩ ተኩስ ይዘጋጃል። ጠመንጃው በአንድ ሙሌት 16 ጥይት ይይዝ ነበር፤ በዘመኑ የብዙኃኑ ወታደር መሣሪያ ግን ከአፈሙዙ በኩል አንድ በአንድ የሚጎርስ ነበር።

ጦርነቱ

ጠመንጃው ለገበያ የቀረበው በ1862፣ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በተፋፋመበት ጊዜ ነው። የሰሜኑ መንግሥት የገዛው ከ2,000 ያነሰ ነበር። ከዚህ የሚበልጠውን ወታደሮቹ ራሳቸው ከኪሳቸው ገዙት። የአንድ ተራ ወታደር የወር ደመወዝ 13 ዶላር በነበረበት ወቅት 40 ዶላር ገደማ ማውጣታቸው ለመሣሪያው የሰጡትን ዋጋ ያሳያል። በጥቅምት 1864 በጆርጂያ ግዛት በአላቱና መተላለፊያ በተደረገው ውጊያ የኢሊኖይ 7ኛ ክፍለ ጦር ወታደሮች ይህንኑ ጠመንጃ ይዘው ተከላክለዋል።

ጉድለቶቹም በውጊያ ታይተዋል። የጥይቱ ቧንቧ ከሥር ክፍት ስንጥቅ ስለነበረው አፈርና ጭቃ ይገባበት ነበር። ከአፈሙዙ በታች የእንጨት መያዣ ስላልተሠራለት ተከታታይ ተኩስ ሲበዛ ብረቱ እጅ ያቃጥል ነበር።

ጠቡ

እስከ 1866 ድረስ 14,000 ያህል ጠመንጃዎች ተሠሩ። ሄንሪ ግን ስሙን ከተሸከመው መሣሪያ ያገኘው ክፍያ የሚገባውን ያህል እንዳልሆነ አመነ። በ1865 ዊንችስተር በአውሮፓ ሳለ ኩባንያው ለእርሱ እንዲተላለፍለት ለኮነቲከት ምክር ቤት አቤት አለ። ዊንችስተር በፍጥነት ተመልሶ ጥያቄውን አከሸፈ፤ ድርጅቱንም በ1866 በራሱ ስም እንደ አዲስ አቋቋመው። በዚያው ዓመት ኔልሰን ኪንግ የፈለሰፈው የጎን መጉረሻ በር ታከለበት፤ ቧንቧው ተደፈነ፤ የእንጨት መያዣም ተጨመረ። ጥይቱ በዋናነት የሄንሪ ጥይት ሆኖ ቢቀጥልም ጠመንጃው ዊንችስተር ተባለ። ሄንሪ ከኩባንያው ወጥቶ በኒው ሄቨን የግል ጠመንጃ ሠሪ ሆነ፤ በ1898 እስኪሞትም በዚያው ሥራ ኖረ።

ዳግም የመሙላት ጉዳይ

የሄንሪ ጥይት ትልቁ ድክመት ቀልሃው አንዴ ከተተኮሰ ዳግም የማይሞላ መሆኑ ነው። አቀጣጣዩ ቅመም በጠርዙ ውስጥ ተሰራጭቶ ስለሚገኝ ነቅሎ መተካት አይቻልም፤ ጠርዙም በመምቻው ተጨፍልቋል። ከመደብር ርቆ ለሚኖር አዳኝና ከብት ጠባቂ ይህ ከባድ ነገር ነበር። የዊንችስተር ኩባንያ በ1873 ያወጣው አዲስ ጥይት መፍትሔ ሰጠ። በዚህ ጥይት አቀጣጣዩ በቀልሃው ግርጌ መሀል በተለየች ትንሽ ቆብ ውስጥ ይቀመጣል። ቆቧ ወጥታ በሌላ ትተካለች፤ የናሱም ቀልሃ ደጋግሞ ያገለግላል። ኩባንያው የመሙያ መሣሪያውን ጭምር ይሸጥ ነበር።

ዛሬ በጣሊያን እንደ ኡቤርቲ ባሉ ሠሪዎች የሚመረተው የሄንሪ አምሳያ ጠመንጃ የሚተኩሰው የመጀመሪያውን የሄንሪ ጥይት ሳይሆን በዋናነት ይህንን የ1873 ጥይት ነው። ጥይቱን በእጁ የሚያዘጋጅ ሰው ሥርዓቱን በጥንቃቄ ይከተላል። የተተኮሰው ቀልሃ ቆቡ ወጥቶ በሳሙና ውሃ ይታጠባል፤ የባሩዱ ዝቃጭ እርጥበት ስቦ ብረትን ያበላሻልና። ቀልሃው በቅርጽ ማውጫ ወደ ልኩ ከተመለሰና አዲስ ቆብ ከገባለት በኋላ ባሩዱ ይሰፈራል። በ1873 የነበረው ልክ 2.6 ግራም ያህል ነበር፤ የአሁኑ ቀልሃ ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ያን ያህል አይቀበልም። አረሩ ባሩዱን ጥቂት ተጭኖ ይቀመጣል፤ በመካከላቸው ባዶ ቦታ ከቀረ ግፊቱ አደገኛ ሊሆን ይችላል። አረሩ የሚቀባው የሰምና የሞራ ቅባት ጥቀርሻውን ስለሚያለሰልስ ጠመንጃው ቶሎ አይታፈንም። የአረሩ ጫፍ ጠፍጣፋ መሆን አለበት፤ በቧንቧው ውስጥ የአንዱ ጥይት ጫፍ የሚያርፈው ከፊቱ ባለው ጥይት ቆብ ላይ ነውና። ከሁሉም በላይ ጭስ አልባ ባሩድን በጥቁሩ ባሩድ ስፍር መሙላት ጠመንጃውን ሊፈነዳና ሰው ሊገድል የሚችል ስሕተት ነው።

መደምደሚያ

የሄንሪ ታሪክ እንደሚያሳየው ተደጋጋሚ ጠመንጃ የተሳካው የእጀታው አሠራር በመገኘቱ ብቻ አይደለም፤ ሀንትና ተከታዮቹ ያንን ቀደም ብለው ሞክረውታል። ለውጡ የመጣው ጋዙን የሚያግድ ቀልሃ ከአሠራሩ ጋር ሲገናኝ ነው። ይህም የሄንሪ ድርሻ ነበር። ሆኖም ድርጅቱ በዊንችስተር ስም ተጠራ፤ ጥይቱም ዳግም ስለማይሞላ በተተኪው ተሸነፈና በ1930ዎቹ መመረቱ ቆመ። የዊንችስተር ኩባንያ ግን በጠርዛቸው በሚመቱ ጥይቶቹ ቀልሃ ግርጌ ላይ ሄንሪን ለማስታወስ የስሙን የመጀመሪያ የላቲን ፊደል ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲያትም ኖሯል። በ1865 ምክር ቤት ድረስ ሄዶ የሟገተለት ፋብሪካ ለሄንሪ የሰጠው ቋሚ መታሰቢያ ይህ ነው።