አክሊሉ ለማና የእንዶድ ፍሬ

እንዶድ ለኢትዮጵያ ሴቶች እንግዳ ተክል አይደለም። ፍሬውን አድርቀውና ፈጭተው፣ በውሃ በጥብጠው ሸማ ሲያጥቡበት ኖረዋል። በዚያ አረፋ ውስጥ ሌላ ኃይል መኖሩን ለሳይንስ ዓለም ያስታወቁት እ.ኤ.አ. በ1935 የተወለዱት ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው።

በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት ወጣት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1964 ቢልሃርዝያን ለማጥናት ዓድዋ ወርደው በወንዝ ዳር ሲዘዋወሩ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አገኙ። ከላይኛው ወራጅ ሕያዋኑን ሰብስበው፣ ከአጣቢዎቹ አንዷ አረፋውን እንድትጨምርባቸው ጠየቁ፤ ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ። የቢልሃርዝያ ትል ወደ ሰው ገላ ከመግባቱ በፊት በቀንድ አውጣ ውስጥ መራባት ግድ ይለዋል። ስለዚህ እርሱን ማጥፋት የበሽታውን ሰንሰለት መበጠስ ነው፤ ይህም ከዓድዋ እስከ ወላይታ ወንዝ እየተሻገረ ለሚውል ገበሬ ሁሉ ቀላል ነገር አልነበረም።

አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1966 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት አቋቋሙ። ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ በተካሄደው ሙከራ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ባሉ ሕፃናት መካከል በበሽታው የተያዙት ከመቶ 50 ወደ 7 ወረዱ። ይህን ያህል ውጤት እጅ ላይ እያለ እንዶድ በየመንደሩ አልተዳረሰም፤ በአገር ቤት የተደረገው የመርዛማነት ምርመራ በውጭ ቤተ ሙከራዎች ካልተደገመ ተቀባይነት ስላላገኘ ሥራው ለብዙ ዓመታት ተጓተተ። ድሃ አገር ያገኘችው መድኃኒት በሀብታም አገር ማኅተም ካልታተመበት አይታመንም ነበር ማለት ነው።

የውጭ ኬሚስቶች ግን የፍሬውን ሳፖኒን ነጥለው ለማቶክሲን አሉት። ለአክሊሉ ክብር ነበር፤ ሆኖም ያገራችንን የስም ልማድ ባለማወቃቸው ክብሩ ለአባታቸው ለአቶ ለማ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1989 አክሊሉ ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ እንዶድ በሰሜን አሜሪካ ሐይቆች የውሃ ቧንቧ የሚደፍነውን ዛጎል ለበስ እንስሳ እንደሚገድል ሲታወቅ፣ የፈጠራ መብቱ በቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ስም ተመዘገበ። አክሊሉ ከአግኚዎቹ አንዱ ሆነው ተጻፉ፤ የዓድዋ አጣቢዎች ግን በመዝገቡ የሉም።

አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1997 ዐረፉ። ከ22 ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች 1,054 የኢትዮጵያ መድኃኒት ተክሎችንና 4,285 ውሑዶችን በአንድ የኮምፒዩተር መረጃ ቋት ሰብስበው ለማንም ክፍት አደረጉ።